እውቅና ሰጪዎች ሊመጡ ነው፤ ግለ ግምገማውን ምሪ ተባልኩ። ከየት ልጀምር?

አዲሷ ምክትል፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እስካሁን አንብቤ ዝም የምል ነበርኩ። ዛሬ ግን ጨንቆኛል።

ምክትል ርዕሰ መምህር ከሆንኩ ገና ነው። ከዚያ በፊት ሒሳብ ነበር የማስተምረው። ትምህርት ቤታችን አክሬዲቴሽን የሚባለውን የውጭ እውቅና ለማግኘት አመልክቷል። እውቅናውን የሚሰጠው ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው። በሚቀጥለው ዓመት የጎብኝዎች ቡድን ይልክብናል። ከዚያ በፊት ራሳችንን ገምግመን ሰነድ ማስገባት አለብን። «አንቺ አስተባብሪው» ተብዬ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ።

የስታንዳርዱን መጽሐፍ ከፈትኩት። ትምህርት ቤቱ የጋራ ራእይ አለው ወይ? ውሳኔ የሚሰጠው መረጃ ታይቶ ነው ወይ? እንዲህ እያለ ይቀጥላል። የለንም የሚል ማን አለ? ራእያችን እኮ በር ላይ ተለጥፏል።

በዚህ ላይ ሌላ ድርጅት መጣ። እሱም ትርፍ የማይሠራ ነው። የታችኛው ክፍል ልጆችን ንባብ የሚያሻሽል ፕሮግራም አለኝ ይላል። ሥልጠናውንም መጻሕፍቱንም እሰጣለሁ ባይ ነው። ርዕሰ መምህሩ ሁለቱንም ባንዴ እንጀምር ብለዋል። መምህራኑ ደግሞ ካሁኑ ፊታቸው ጠቁሯል። መምህራን ማረፊያ ስገባ «ሌላ ፎርም መጣ» ነው ወሬው።

እውነቱን ንገሩኝ። ይሄ ነገር ትምህርት ቤት ይለውጣል ወይስ ወረቀት ነው? ሁለቱን ባንድ ዓመት ማስኬድስ ይቻላል? ያለፈበት ሰው ካለ ይምከረኝ።

ጠመኔ፦

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ ልበል ወይስ አይዞሽ? ሁለቱንም ያዢው።

እኔ በሁለቱም ወገን ተቀምጬ አይቼዋለሁ። በራሴ ትምህርት ቤት ግለ ግምገማ አስተባብሬያለሁ። በኋላም ሌላ ትምህርት ቤት ለማየት ከሚሄዱት ቡድኖች ጋር በፈቃደኝነት ወጥቻለሁ። ስለዚህ ወረቀት ሲሆንም አውቀዋለሁ፣ ከወረቀት ሲያልፍም አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ ስሞቹን እንለይ። ስብሰባ ላይ ሁሉም ተደበላልቀው ሲጠሩ ትሰሚያለሽና። እውቅና የሚሰጠው ለትምህርት ቤቱ በሙሉ ነው። አስተዳደሩ፣ ትምህርቱ፣ የልጆቹ ደኅንነት፣ ገንዘቡ ሁሉ ይታያል። ኮግኒያ፣ የዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት፣ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ የተቋቋመው የኒው ኢንግላንዱ ማኅበር፣ በምዕራብ አሜሪካ የተቋቋመው ዋስክ የሚባሉት ይህን እውቅና ከሚሰጡት ወገን ናቸው። ሁሉም ለትርፍ ያልተቋቋሙ ናቸው። ኢንተርናሽናል ባካሎሬት የሚባለው የዓለም አቀፍ ሥርዓተ ትምህርት ድርጅት ደግሞ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ጄኔቭ ላይ የተቋቋመ ነው፤ የሚሰጠው ፕሮግራሙን የማስተማር ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ያለው ትምህርት ቤት እውቅናም ሊኖረው ይችላል፣ ላይኖረውም ይችላል። ያንቺ የንባብ ድርጅት ሦስተኛ ዓይነት ነው። የሚያሳስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከዚህ ሌላ ተራ አባልነት አለ። መዋጮ ትከፍያለሽ፣ ስብሰባ ትጋበዣለሽ፣ ማንም መጥቶ አያይሽም። አንዳንድ ትምህርት ቤት የአባልነት ዓርማ በር ላይ ሰቅሎ ወላጅን እውቅና ያስመስልበታል። እናንተ እንዳታደርጉት።

ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ማወቅ ለመምህራኑ ለማስረዳት ይጠቅምሻል። የኒው ኢንግላንዱ ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ከሌሎቹ የአሜሪካ አካባቢ ማኅበራት አንዳንዶቹ በአሥር ዓመት ውስጥ ተከተሉ። ያኔ ኮሌጆቹ ከየትኛው ትምህርት ቤት የመጣ ልጅ ተዘጋጅቶ እንደመጣ የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። የሁለቱ ወገን ሰዎች ተሰብስበው የጋራ መለኪያ አበጁ። ልብ በይ፣ ከላይ የመጣ ተቆጣጣሪ አልነበረም። እርስ በርሳቸው ነው የተያዩት። ዛሬም የጎብኝ ቡድን ውስጥ የምታገኚያቸው አብዛኞቹ እንዳንቺው ምክትሎች፣ ርዕሳነ መምህራንና መምህራን ናቸው። ደሞዝ አይከፈላቸውም። የራሳቸውን ክፍል ለሰው አደራ ብለው ነው የሚመጡት።

አሁን ወደ ሥራው።

ግለ ግምገማው ሰነድ መጻፍ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። እነዚህ ኮምፒውተር የሚችል አንድ መምህር ይፈልጉና ቢሮ ያስገቡታል። ከወር በኋላ የሚያምር ሰነድ ይወጣል። ማንም አላነበበውም፣ ማንም አልተከራከረበትም። ወረቀት ማለት ይሄ ነው።

እኛ ጋ እንዲህ ነበር። ስለ ምዘና የሚጠይቀው ስታንዳርድ ላይ ደረስን። «መምህራን ለተማሪዎች ግብረ መልስ ይሰጣሉ» ብለን ልንጽፍ ነው። የኮሚቴው አባል የነበረች አንዲት የታችኛው ክፍል መምህርት «ደብተር እንይና እንጻፍ» አለች። ከአንድ ክፍል ጥቂት ልጆች መረጥን። ጎበዝም፣ መካከለኛም፣ የሚያቅተውም አለበት። የሁሉንም ትምህርት ደብተራቸውን ረጅም ጠረጴዛ ላይ ዘረጋነው።

የአንዷ ልጅ የሳይንስ ደብተር ትዝ ይለኛል። ሽፋኑ በፕላስቲክ ተለብጧል፣ ጽሕፈቷ የሚያምር ነው። ገጽ በገጽ ቀይ ራይት አለ። ራይት፣ ራይት፣ ራይት፣ ከታች ፊርማና ቀን። ጠጋ ብዬ አነበብኩት። «ውሃ በትንሽ ወደ ላይ ይወጣል» ይላል። ከሰሌዳው «በትነት» የሚለውን እየገለበጠች ነው። ከኋላ ነው የምትቀመጠው፣ አልታያትም። ሦስት ገጽ ሙሉ ትነት የተባለው ሁሉ ትንሽ ሆኗል። ሦስቱም ላይ ራይት አለ።

መምህሩ እዚያው ኮሚቴ ውስጥ ነበር። መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው። ከዚያ ግን «ከአምስት ክፍል የሚመጣ ደብተር ነው፤ ላንብብ ብል እስከ ስንት ሰዓት ልቀመጥ?» አለ። እውነቱን ነው። የእኛ መመሪያ ሁሉም ደብተር በየሳምንቱ ይፈረምበት ነበር የሚለው። ይነበብ አላለም። ዩኒት ሊደሩም የሚቆጥረው ፊርማ ነበር።

ሰነዱ ላይ የጻፍነው ይህንኑ ነው። የደብተር ቁጥጥራችን ፊርማን እንጂ ንባብን እንደማይጠይቅ ጻፍን። መፍትሔውንም አብረን አስቀመጥን። መምህሩ በየሳምንቱ ጥቂት ደብተር ይወስዳል፣ ግን ያነበዋል፤ ከሥሩ ልጁ ቀጥሎ ምን ማድረግ እንዳለበት አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። የጎብኝ ቡድኑም ሲመጣ ይህንኑ ይዞ መምህራኑን ጠየቀ። በሪፖርቱ ምክረ ሐሳብ ሆኖ መጣና ማሻሻያ እቅዱ ውስጥ ገባ። እንግዲህ ድርጅቱ ምን አደረገ ብትይኝ፣ ስለዚያች ልጅ ደብተር የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ቀነ ገደብና ጥያቄ ብቻ ነው ያመጣው። ቀነ ገደቡ ባይኖር ግን ያንን ጠረጴዛ መቼም አንዘረጋውም ነበር።

ስለዚህ ኮሚቴ ስታቋቁሚ ፈሪና እሺ ባይ ብቻ አትሰብስቢ። «ደብተር እንይ» የሚል ሰው ያስፈልግሻል። አንድ የጥበቃ ወይም የጽዳት ሠራተኛም አስገቢ። ልጆች ከክፍል ውጪ የት እንደሚደባደቡና የት እንደሚያለቅሱ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ጉብኝቱን ብዙ አትፍሪው። መምህራኑ በግል ነጥብ አይሰጣቸውም። ኮግኒያ ለምሳሌ ኤሊዮት የሚለው የክፍል ምልከታ መሣሪያ አለው። ተመልካቹ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ይቀመጣል። የሚያየው መምህሩን አይደለም፤ ልጆቹን ነው። ይጠይቃሉ ወይ? ሥራቸው ምን ደረጃ ላይ እንዳለ ያውቃሉ ወይ? እርስ በርስ ይሠራሉ ወይ? ይህን አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ግማሹ ፍርሃት ይለቃቸዋል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ለትርፍ ያልተቋቋመ ማለት ነፃ ማለት አይደለም። የማመልከቻ ክፍያ አለ፣ ዓመታዊ ክፍያ አለ፣ የቡድኑ ጉዞና ማደሪያም አብዛኛውን ጊዜ በትምህርት ቤቱ ነው። ዑደቱ ካለቀም እንደገና ነው። ዋስክ ጋ ስድስት ዓመት ነው፣ የኒው ኢንግላንዱ ጋ አሥር። የዚህ ዓመቱን ክፍያ ብቻ አይታችሁ አትግቡ። የዑደቱን ጠቅላላ ወጪ ካሁኑ ጠይቂ።

ሦስተኛ ረድፍ፦

ጋሽ ጠመኔ የጻፉት ደስ ይላል። እኔ ግን ያስተማርኩበት ቤት እንደዚያ አልነበረም። የሌላውንም ወገን ስሚ ብዬ ነው።

የመጀመሪያው ነገር ቀለም ነበር። ግድግዳው ሁሉ ተቀባ። ቀጥሎ ቦክስ ፋይል መጣ። በየዲፓርትመንቱ ተደረደረ፣ ጀርባው ላይ የስታንዳርዱ ቁጥር ተለጠፈ። ፋይሉ ውስጥ የሚገባ ቃለ ጉባኤ ደግሞ ያስፈልጋል። ያልተሰበሰብነውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ጻፉ ተባልን። ጻፍን። ልጆቹም ተጠርተው «እንግዶች ሲጠይቋችሁ እንዲህ በሉ» ተባሉ። ጉብኝቱ በተቃረበ ሰሞን መማር ማስተማር የሚባል ነገር አልነበረም። ሁሉም ሰው ፋይል ላይ ነው።

ሰርተፍኬቱ መጣና ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተሰቀለ። ሪፖርቱን ግን እኛ መምህራን እስከ ዛሬ አላየነውም። ምን አሻሽሉ እንደተባልን አላውቅም። ምናልባት ጥሩ ነገር ብለው ይሆናል እኮ!

የፕሮግራሙ ነገርማ አታንሺው። አንድ ድርጅት የንባብ መጻሕፍት በካርቶን አመጣልን። ያማሩ፣ ባለ ሥዕል። ሁለት መምህራን ሠለጠኑ፣ የምስክር ወረቀት ያዙ፣ ፎቶ ተነሡ። ብዙም ሳይቆዩ ሁለቱም ሌላ ትምህርት ቤት ተቀጠሩ። መጻሕፍቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆለፈባቸው። ለምን ሲባል «ንብረት ነው፣ ቢጠፋ በማን ይጠየቃል?» ይላሉ። ልጆቹ በመስታወቱ ሽፋኑን ያያሉ። የድርጅቱ ሰዎች ሊያዩ ሲመጡ ይከፈታል፣ ሲሄዱ ይዘጋል።

አንቺ ያው አለቃ ሆነሻልና እንደ መምህር ልለምንሽ። አዲስ ፎርም ስታመጪ አንድ የድሮ ፎርም አንሺ። ይህን ካደረግሽ ፊታቸው የጠቆረው ሁሉ ይፈታልሻል። ለንባብ ድርጅቱ ደግሞ ሁለት ጥያቄ አቅርቢ። የሠለጠነችው መምህርት ብትለቅ ማን ይቀጥላል? መጽሐፍ ቢቀደድ ማንም እንደማይጠየቅ በጽሑፍ ይሰጡናል ወይ? ሁለተኛው ቀልድ እንዳይመስልሽ።

ገጽ ገላጭ፦

የቤተ መጻሕፍት ሰው ነኝ። የተቆለፈው ቁም ሣጥን ነገር አንጀቴን በላው። እውነት ነው፣ በየቦታው አለ። ቁልፉ እኔ ዘንድ ሲሆን ክፍት ነው የሚውለው። የሚቀደደው ይቀደዳል። የተቀደደ መጽሐፍ ቢያንስ የተነበበ ነው።

ስለ እውቅናው ጋሽ ጠመኔ ብለውታል። እኔ የንባቡን ፕሮግራም ብቻ ልያዝ።

እህቴ፣ ከድርጅቱ ጋር ከመፈራረምሽ በፊት ልጆቹ አሁን የት እንዳሉ እወቂ። ብዙ ነገር አያስፈልግም። ፕራትሃም የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 ሙምባይ ላይ የተጀመረ ነው። እነሱ የሚጠቀሙበት መለኪያ በጣም ቀላል ነው። ልጁን ለብቻው ታስቀምጪዋለሽ። ፊደል ያነባል? ቃል ያነባል? አጭር አንቀጽ ያነባል? ታሪክ ያነባል? የደረሰበት ላይ ይቆማል። ለአንድ ልጅ ጥቂት ደቂቃ ነው። ከዚያ በቀን ውስጥ ለተወሰነ ሰዓት ልጆቹን በክፍላቸው ሳይሆን በደረሱበት ይመድቧቸዋል። አራተኛ ክፍል ሆኖ ፊደል ላይ ያለው፣ ሦስተኛ ክፍል ሆኖ ፊደል ላይ ካለው ጋር ይቀመጣል። በየጊዜው እንደገና ይለካሉ፣ ከፍ ያለው ወደሚቀጥለው ይሻገራል። በጥናት ደጋግሞ ከተፈተሹት ዘዴዎች አንዱ ይሄ ነው።

ሰክሰስ ፎር ኦል የሚባለውም የአሜሪካ ፕሮግራም ተቀራራቢ ነገር ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1987 ባልቲሞር ላይ ነው የተጀመረው። ልጆቹ ለንባብ ክፍለ ጊዜ እንደ ችሎታቸው ይመደባሉ። ለዚህ ውይይት የፈለግኩት ግን ሌላውን ሥርዓቱን ነው። ወደ አንድ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት መምህራኑ በምስጢር ድምፅ ይሰጡ ነበር። ቢያንስ 80 በመቶው እሺ ካላለ አይገባም ነበር። ሦስተኛ ረድፍ እንዳለው ዓይነት ቤት ይህን ምርጫ የሚያልፍ አይመስለኝም። የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ መጻሕፍቱ አይቆለፉም።

ስለዚህ ሁለቱን ባንድ ዓመት ማስኬድ ይቻላል ወይ ላልሽው፣ በቅደም ተከተል ከሆነ ይቻላል። የንባብ ልኬቱን አሁን አድርጊው። ውጤቱ ለግለ ግምገማሽ ማስረጃ ይሆናል። በር ላይ ከተለጠፈ ራእይ ይሻላል፣ ይቅርታ አድርጊልኝና። ፕሮግራሙን ደግሞ በማሻሻያ እቅዱ ውስጥ አስገቢው። በአንድ የክፍል ደረጃ ጀምሪ። መምህራኑ ካልወደዱት አትጀምሪ።

ሌላም አለ። ድርጅቱ «ስንት መጽሐፍ ሰጠን፣ ስንት መምህር አሠለጠንን» ብቻ የሚቆጥር ከሆነ ተጠንቀቂ። ስንት ልጅ ከቃል ወደ አንቀጽ ተሻገረ የሚለውን አብሮሽ የሚቆጥር ከሆነ ያዢው።

አዲሷ ምክትል፦

ሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ። የደብተሩን ነገር ለሁለት መምህራን ነገርኳቸውና ሳቅ በሳቅ ሆኑ። አንደኛዋ «የእኛም ይዘርጋ» አለች። አላመንኩም።

አንድ ችግር ግን ገጠመኝ። ርዕሰ መምህሩ የመጀመሪያውን ረቂቅ አይተው አልተደሰቱም። በሁለት ስታንዳርድ ላይ ራሳችንን ዝቅ አድርገን ነበር የሰጠነው። «ለምን ራሳችንን እንከሳለን? ሌላው ከፍተኛውን እየሞላ እኛ ለምን እንጎዳ?» አሉኝ። ሰውዬው ክፉ አይደሉም። ለቤቱ ተቆርቁረው ነው። ቦርዱም ሰርተፍኬቱን እየጠበቀ ነው። ምን ልበላቸው?

ጠመኔ፦

የማይገባ ፍርሃት አይደለም። ብዙ ኃላፊ እንደዚያ ነው የሚያስበው። ግን ከቡድኑ ወንበር ላይ ሲታይ ነገሩ ተቃራኒ ነው።

ቡድኑ ከመምጣቱ በፊት ሰነዳችሁን ያነባል። ሁሉም ቦታ ላይ ከፍተኛው ነጥብ ከተሞላ፣ የመጀመሪያው ነገር ጥርጣሬ ነው። ከዚያ የት እንደሚቆፍር ይመርጣል። ብዙ ጊዜ ከልጆች ይጀምራል። «ትምህርት ሲከብድህ ምን ታደርጋለህ?» ይባላል ልጁ። እንደ ተጠና ግጥም የሚመልስ ልጅ ወዲያው ይለያል። ሦስት ልጅ አንድ ዓይነት ቃል ከተናገረ አለቀ። ሦስተኛ ረድፍ የነገረን ቃለ ጉባኤም ቢሆን፣ ቀለሙና የብዕሩ ዓይነት ሁሉ አንድ ሆኖ ከመጣ ማንም ያውቀዋል።

ራሳችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ማስረጃውንና መፍትሔውን ካስቀመጣችሁ ግን ቡድኑ እፎይ ይላል። ይህ ቤት ራሱን ያያል ማለት ነው። እውቅና የሚነፈገው ድክመት ስላለ አይደለም። ድክመት የሌለበት ቤት አላየሁም። ብዙ ቤት ምክረ ሐሳብ ተጽፎለት ነው እውቅናውን የሚያገኘው። ለርዕሰ መምህሩ «ይህን እኛ ካልጻፍነው እነሱ ይጽፉታል» በያቸው። ቦርዱ በማን ቃል ቢያነበው እንደሚሻል ራሳቸው ይወስኑ።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ይለያል። የልጆች ደኅንነት ላይ «ወደፊት እናሻሽላለን» የሚባል ቋንቋ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት ከሌሎች ጋር ሆኖ ስለ ልጆች ጥበቃ ግብረ ኃይል አቋቁሟል። ከዚያ ወዲህ እውቅና ሰጪዎች በዚህ ነገር ጠበቅ ብለዋል። ሠራተኛ ስትቀጥሩ የኋላ ታሪኩን ታጣራላችሁ ወይ? ልጅ የደረሰበትን ለማን እንደሚናገር ያውቃል ወይ? የሚናገርለት ሰው ስሙ የት ተጽፏል? እዚህ ላይ ጎደሎ ካለ ሰነድ ላይ ከመጻፍሽ በፊት ሥሪው። ቡድን ስላለ ሳይሆን ዛሬውኑ።

ሦስተኛ ረድፍ፦

ጋሽ ጠመኔ፣ እርስዎ ያሉበት ቡድን ቢመጣብን ኖሮ የእኛ ቤት ይወድቅ ነበር ማለት ነው። ደስ ይለኝ ነበር እንጂ ምን እላለሁ።

አዲሷ ምክትል፣ ሪፖርቱ ሲመጣ መምህራን ማረፊያ ለጥፊው። ሙሉውን። የሚመሰገንበትን ገጽ ብቻ እንዳይሆን።

ጠመኔ፦

ይሄ ከእኔ ይልቅ የሦስተኛ ረድፍ ምክር ነው የሚበልጠው። እንዲያውም አሁኑኑ ለርዕሰ መምህሩ አስፈቅጂው። ነጥቡ ከመጣ በኋላ ማስፈቀድ ይከብዳል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ምክረ ሐሳብ አንድ ባለቤት መድቡለት። ኮሚቴ አይሆንም፣ ስም ያለው ሰው። ብዙ ቤቶች እዚህ ላይ ነው የሚያንቀላፉት። ድርጅቱ የሂደት ሪፖርት ሲጠይቅ ሁሉም «የእኔ አልነበረም» ይላል።

አዲሷ ምክትል፦

ተስማምተዋል! ሙሉ በሙሉ ባይሆንም። ሁለቱ ዝቅ ያሉት ነጥቦች እንዲቆዩ ፈቅደዋል፤ «መፍትሔው ግን ከድክመቱ ረዝሞ ይጻፍ» ብለዋል። ይሁን ብያለሁ። ሪፖርቱን ስለመለጠፍ ለቦርዱ አቅርቤ አሳውቅሻለሁ አሉኝ።

የንባቡን ድርጅት ሰዎችም አነጋገርኳቸው። ገጽ ገላጭ እንዳልሽው በአንድ ክፍል ደረጃ እንጀምር ስላቸው ትንሽ ቅር አላቸው። ብዙ ትምህርት ቤት ደረስን ብለው ሪፖርት ማድረግ አለባቸው መሰለኝ። የመጽሐፉን ጉዳይ ግን በጽሑፍ ሰጥተዋል። ለተቀደደ መጽሐፍ ማንም አይጠየቅም የሚል አንድ መስመር ደብዳቤያቸው ውስጥ ገብቷል። ሦስተኛ ረድፍ፣ ይሄ ያንተ ነው።

ሰኞ ደብተር እንዘረጋለን። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ስማቸው ይታይ ወይስ ይሸፈን? መምህራኑ የእገሌ ነው ብለው እንዳይነጋገሩ ሰጋሁ።

ጠመኔ፦

የልጆቹን ስም በወረቀት ሸፍኚ። ክፍሉ ብቻ ይታይ። የመምህሩን ግን መሸፈን አትችይም፤ ትምህርቱን አይቶ ሁሉም ያውቀዋል። ስለዚህ ደብተሩ የሚዘረጋበትን መምህር ቀድመሽ ለብቻው አናግሪው፣ ጠረጴዛው ላይም ራሱ ይቀመጥ። በሌለበት ደብተሩን አትክፈቱ። ካልፈለገ አታስገድዱት፣ ሌላ ይኖራል።

ቀይ እስክሪብቶ ይዛችሁ አትግቡ። እርሳስና ትናንሽ ወረቀት ይበቃል። ያያችሁትን ጻፉ፣ «ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው» የሚለውን ለኋላ ተዉት። ደግሞ የመጀመሪያው የሒሳብ ደብተር ይሁን። ምክትል ከመሆንሽ በፊት አንቺ ካስተማርሻቸው ልጆች የተገኘ ካለ እሱን አምጪው። ያንቺ ፊርማ ያለበት ገጽ መጀመሪያ ሲገለጥ የሌላው ሰው ትከሻ ዝቅ ይላል።